ወንድሜን ከጎረቤት እንደብቀዋለን

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት ሐኪም ነገረን። እናቴ ጸበል ስትወስደው መድኃኒቱን አስቆመችው። ለጎረቤት «ክፍለ ሀገር ሄዷል» እንላለን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ቶሎ ወደ ሐኪሙ መልሱት። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ያገረሻል። ጸበሉን ተዉ አልልሽም፤ ኪኒኑን እየወሰደ መጠመቅ ይችላል። ጾም ከሆነም ሰዓቱን ሐኪሙ ያስተካክልላችኋል። መንቀጥቀጥ ወይም የሰውነት መገተር ካስቸገረውም ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል።

ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ድምፁ ለእሱ እውነት ነው። «የለም፣ ተው» ስትይው ይርቅሻል። «እኔ አይሰማኝም፤ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ አያለሁ» በይው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ መደበቁ ነው። በዓለም 24 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ሕመም አለበት፤ አብዛኞቹም ማንንም አይጎዱም። ቡና ሲፈላ በር ተዘግቶበት፣ «ክፍለ ሀገር ነው» ስትሉ ከጓዳ ሆኖ ይሰማችኋል። ሰው ሁሉ ያማኛል ብሎ ሊጠረጥር ለሚችል ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የምታምኗትን አንዲት ጎረቤት ጥሩና ወንድምሽም አብሯችሁ ቡና ይጠጣ። ስለ መሞት ካወራ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።