ቁልፉ የማን ነው?
(ለክላውድ አገልግሎት የሚያገለግለውን የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ስለ መጫንና ስለ ማዋቀር)



ባለፈው ሴሚስተር በኮምፒዩተር ክፍላችን የደረሰውን ነገር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የአንድ ሴክሽን ዕጩ መምህራን በየትምህርት ቤቱ ወጥተው ያካሄዱት የማስተማር ልምምድ ሪፖርት በአንዲት ትእዛዝ ተደመሰሰ። ትእዛዙን የጻፈው ዕጩ መምህር በክፍል ፊት ተወቀሰ፤ «ጥንቃቄ የጎደለው» ተባለ። ወቃሹም እኔው ነበርኩ። ነገሩን ቆይቼ ከሥር ከመሠረቱ ስመረምረው ግን የጥፋቱ ምንጭ እሱ ሳይሆን የኔው አሠራር ሆኖ አገኘሁት። ወቀሳው በአደባባይ ስለ ነበር እርምቱም በአደባባይ መሆን ይገባዋል ብዬ ይህን ጽሑፍ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ አቀርባለሁ። እግረ መንገዴንም በዚያን ዕለት ማስተማር የነበረብኝን ትምህርት በቅደም ተከተል አስተምራለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተር ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ያሰፈርነው አነባበባቸውን ብቻ ነው። ፊደል በፊደል የተጻፈው ዝርዝር በኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ስለ ተለጠፈ ከዚያ መገልበጥ ይቻላል።

1ኛ/ ነገሩ ምንድን ነው?

«ክላውድ» ሲባል ደመና ላይ የተሰቀለ ነገር እንዳይመስላችሁ። በትልልቅ አዳራሾች የተደረደሩ፣ ሌሊትና ቀን የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ ባለቤቶቹ በኢንተርኔት አማካይነት ያከራዩአቸዋል። ከነዚህ አገልግሎቶች አንዱ አማዞን ዌብ ሰርቪስስ፣ ባጭሩ ኤ ደብሊው ኤስ የሚባለው ነው። ኤስ 3 የተሰኘው የፋይል ማከማቻው ለተጠቃሚ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚህ ማከማቻ ውስጥ ፋይሎች የሚቀመጡበት ትልቁ ዕቃ «ባኬት» ይባላል፤ ባልዲ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ከኛ ክፍል ሆነን እዚያ ያለውን ኮምፒዩተር እንዴት እናዝዘዋለን? በኤ.ፒ.አይ. በኩል ነው። ኤ.ፒ.አይ.ን እንደ መዝገብ ቤት መስኮት ቁጠሩት። ወደ መስኮቱ የሚቀርብ ሁሉ ጥያቄውን በተወሰነው ቅጽ ይሞላል፣ ይፈርማል፣ ያስገባል፤ መልሱንም በተወሰነ ቅጽ ይቀበላል። ቅጹ ከተበላሸ ወይም ፊርማው ካልታወቀ መስኮቱ ይመልሰዋል። የትእዛዝ መስመር መሣሪያው ደግሞ እኛ የምንጽፋትን አጭር ትእዛዝ ተቀብሎ ቅጹን ሞልቶና ፈርሞ ወደ መስኮቱ የሚያደርስልን መልእክተኛ ነው። የመሣሪያው የመጀመሪያው ዋና ዕትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሁለተኛው ዕትም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እኛ የምንጠቀመው በሁለተኛው ነው።

«በድረ ገጹ ላይ በማውዝ እየተጫነ መሥራት ሲቻል ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ለአስተማሪ ይስማማል። በማውዝ የተሠራን ሥራ ለሌላ ሰው መንገር አስቸጋሪ ነው፤ «እዚያ ጋ ተጫን፣ ከዚያ ወደ ታች ውረድ» ማለት ብቻ ነው። ትእዛዝ ግን በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ በደብተር ይገለበጣል፣ በማግስቱም ይደገማል። ኢንተርኔቱ ሲያዘግምም ከባዱ ገጽ እስኪከፈት ከመጠበቅ አንዲት መስመር መላክ ይቀላል።

2ኛ/ አጫጫን

ሀ/ በዊንዶውስ ላይ፦ የመጫኛውን ፋይል ከአገልግሎቱ ድረ ገጽ ብቻ ታወርዳላችሁ። ከሌላ ቦታ የተገኘ መጫኛ አይታመንም። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ የሚመጡትን ገጾች እየተከተላችሁ ትጨርሳላችሁ። ተከፍቶ የቆየ የትእዛዝ መስኮት ካለ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። ይህ ካልተደረገ መስኮቱ አዲሱን መሣሪያ አያውቀውም፤ ብዙ ተማሪ «አልተጫነልኝም» እያለ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ/ በሊኑክስ ላይ፦ የታመቀውን ፋይል አውርዳችሁ ትፈቱታላችሁ፤ ከዚያም በውስጡ ያለውን «ኢንስቶል» የተባለ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ታስነሡታላችሁ።

ሐ/ ሁለተኛው ዕትም የሚያስፈልገውን የፓይተን ቋንቋ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። በመሆኑም መጫኛውን አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ማዳረስ ይቻላል። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ለየብቻ ያውርድ ብንል የክፍላችን ኢንተርኔት እስከ ማታም አይበቃም።

መጫኑን ለማረጋገጥ «ኤ ደብሊው ኤስ» ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ ሁለት ሰረዝ አስከትላችሁ «ቨርዥን» ብላችሁ ጻፉ፤ ኢንተርን ተጫኑ። የዕትሙ ቁጥር በ2 ከጀመረ ሥራው ተሳክቷል።

3ኛ/ ማዋቀር

መጫን ብቻውን ዋጋ የለውም። መልእክተኛው በማን ስም እንደሚፈርም ማወቅ አለበት። ለዚህም «ኤ ደብሊው ኤስ ኮንፊገር» የሚለው ትእዛዝ አለ። አራት ነገሮችን በተራ ይጠይቃል።

አንደኛ፣ የመግቢያ ቁልፉን መለያ ይጠይቃል። ይህ 20 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የመታወቂያ ቁጥር ዓይነት ነው።

ሁለተኛ፣ ምስጢራዊውን ቁልፍ ይጠይቃል። ይህኛው ከፊተኛው ይረዝማል፤ ቁልፉ ሲፈጠር አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል። በኋላ «ረሳሁት» ቢባል መልሶ የሚያሳይ የለም፤ ሌላ ማውጣት ነው።

ሦስተኛ፣ የምንሠራበትን አካባቢ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮቹ ያሉበትን ሥፍራ ይጠይቃል። ለምሳሌ የአየርላንዱ «ኢዩ ዌስት 1» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የኬፕታውኑ «ኤኤፍ ሳውዝ 1» ነው፤ እሱ ግን የሒሳቡ ኃላፊ አስቀድሞ ካልፈቀደው አይሠራም።

አራተኛ፣ የመልሱን ቅርጽ ይጠይቃል። «ጄሰን» ለፕሮግራም ይመቻል፤ «ቴብል» በሠንጠረዥ ስለሚያቀርብ ለጀማሪ ዓይን ይቀላል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። መሣሪያው የተሰጠውን መልስ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በሁለት ፋይሎች ያስቀምጣል። «ክሬደንሻልስ» በተባለው ቁልፎቹ፣ «ኮንፊግ» በተባለው አካባቢውና ቅርጹ ይጻፋሉ። ምስጢራዊው ቁልፍ እዚያ የሚቀመጠው ማንም ሊያነበው በሚችል ተራ ጽሑፍ ነው። ትእዛዝ ሲላክ ቁልፉ ራሱ በኢንተርኔት አይጓዝም፤ የሚጓዘው በእሱ የተሠራው ፊርማ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ ግን እንደ ተቀመጠ ይቆያል። በዚያው የተጠቃሚ ስም የሚገባ ሰው ሁሉ በናንተ ስም መፈረም ይችላል ማለት ነው።

ተቋሙ በአንድ ማዕከል የሚያስገባ የመግቢያ ሥርዓት ያለው ከሆነ በጊዜያዊ ቁልፍ መሥራት ይሻላል። ጊዜው ሲያልፍ ቁልፉ በራሱ ዋጋ ያጣልና።

4ኛ/ ጥፋቱ የት ነበር?

እንግዲህ ወደ ታሪካችን እንመለስ።

በጋራ ኮምፒዩተሮቻችን ሁሉም ሰው በአንድ የተጠቃሚ ስም ይገባል። እኔ ከልምምዱ በፊት በነበረው ቀን ለማሳየት ብዬ «ኮንፊገር»ን በራሴ ቁልፍ ሞላሁ። ቁልፌ ደግሞ ሁሉን የሚያዝ የአስተዳዳሪ ቁልፍ ነበር። ስጨርስ አላጠፋሁትም። «ነገ እመለስበታለሁ» ብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ዕጩ መምህራኑ የልምምድ ባኬታቸውን ባዶ ማድረግ እንዲለማመዱ ወረቀት አደልኩ። በወረቀቱ ላይ ፕሮፋይል፣ ማለትም በየትኛው ስም እንደሚፈረም የሚናገረው ቃል አልነበረም። ፕሮፋይል ካልተጠቀሰ መሣሪያው «ዲፎልት» የተባለውን ይወስዳል። ዲፎልቱ የኔ ቁልፍ ነበር። ሪፖርቶቹ ያሉበት ባኬትና የልምምዱ ባኬት ደግሞ ስማቸው የሚለያየው በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ 1፣ ሌላው 2። ይህንንም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ልጁ በ1 ፈንታ 2 ጻፈ። በራሱ ቁልፍ ቢሆን ኖሮ መስኮቱ «አልተፈቀደልህም» ብሎ ይመልሰው ነበር። በኔ ፊርማ ስለ ቀረበ ግን ያለ ምንም ጥያቄ ተፈጸመ። «መምህር፣ ይሄ ነገር ብዙ ስም እየዘረዘረ ነው እኮ» ሲል ሰማሁት። «ቀጥል፣ እንደሱ ነው» አልኩት። ቀና ብዬ አላየሁም።

ደብተራቸውን በሥርዓት የያዙት ዕጩ መምህራን ሪፖርታቸውን እንደገና ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ማስታወሻ ያልያዙት ሁለቱ ወደ ልምምድ ትምህርት ቤታቸው ተመልሰው ለመጠየቅ ተገደዱ። የአንድ ቁጥር ስሕተት ማንም ሰው ይሠራል። ስሕተቱ ወደ ጥፋት እንዲደርስ በሩን ከፍቶ የተወው ግን እኔ ነኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው።

5ኛ/ እንዴት ይሠራ?

ሀ/ ከማንኛውም ሥራ በፊት «እኔ ማን ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትእዛዙ «ኤ ደብሊው ኤስ፣ ኤስ ቲ ኤስ፣ ጌት ኮለር አይደንቲቲ» ነው። የሒሳቡን ባለ 12 አኃዝ ቁጥርና የተጠቃሚውን ማንነት ይነግራችኋል። የራሳችሁን ስም ካላያችሁ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሡ።

ለ/ ቁልፋችሁን በስማችሁ በተሰየመ ፕሮፋይል አስገቡ። «ኤ ደብሊው ኤስ ኮንፊገር» ካላችሁ በኋላ ሁለት ሰረዝና «ፕሮፋይል» ብላችሁ ስማችሁን አስከትሉ። በየትእዛዙም እንዲሁ ጥቀሱት። በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ዲፎልት ፕሮፋይል አይኑር። ያን ጊዜ ስሙን የረሳ ሰው የስሕተት መልእክት ያያል እንጂ በሌላ ሰው ስም አይፈርምም።

ሐ/ ለተማሪ የሚሰጥ ቁልፍ ለተማሪው ሥራ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይፈቀድለት። የሒሳቡ ዋና ባለቤት መግቢያ ለዕለት ሥራ አይውልም፤ ቁልፍም አይወጣለትም።

መ/ ከመደምሰስ በፊት ሙከራ ይደረግ። በኤስ 3 የመደምሰሻ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰረዝና «ድራይራን» የሚል ቃል ሲጨመር፣ የሚጠፋውን ይዘረዝራል እንጂ አያጠፋም። ዝርዝሩን አንብቡ፤ ትክክል ከሆነ ቃሉን አንሥታችሁ ድገሙት።

ሠ/ ጠቃሚ ሥራ በሚቀመጥበት ባኬት ላይ «ቨርዥኒንግ» ይከፈት። ይህ ሲኖር እንዲህ በተራ ትእዛዝ የተደመሰሰ ፋይል የቀድሞ ቅጂው ይቀራል፤ መልሶ ማምጣትም ይቻላል። እኛ አልከፈትንም ነበር። ዛሬ ተከፍቷል።

ረ/ ቁልፉ በወረቀት ላይ ከተጻፈ፣ ፎቶግራፍ ከተነሣ ወይም ለጓደኛ ከተላከ ወጥቷል ማለት ነው። ወረቀቱን መቅደድ አይበቃም፤ ቁልፉ ራሱ ይዘጋ። አንድ ተጠቃሚ ሁለት ቁልፍ እንዲኖረው ስለሚፈቀድ፣ አዲሱን አስገብቶ አሮጌውን መዝጋት ሥራ አያስተጓጉልም።

6ኛ/ የሰዓቱ ነገር

አንድ ለኛ አገር የሚሆን ምክር ልጨምር። እያንዳንዱ ፊርማ ሰዓት አለበት። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከአገልግሎቱ ሰዓት ከተራራቀ መስኮቱ «ይህ ጥያቄ ጊዜው አልፏል» ብሎ ይመልሳል። በኤስ 3 ልዩነቱ ከ15 ደቂቃ መብለጥ የለበትም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የኮምፒዩተሩን ሰዓት «ተሳስቷል» ብሎ ከ9 ወደ 3 የሚቀይር ሰው ክፍላችን ውስጥ አይታጣም። የስድስት ሰዓት ልዩነት ፈጠረ ማለት ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላውማ ዓመታትን ወደ ኋላ ስለሚመልስ ድረ ገጾች እንኳ አልከፈት ይሉታል። ቁልፉ ትክክል ሆኖ መልሱ እምቢታ ሲሆን መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። የኮምፒዩተሩ ቀንና ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የሰዓት ክልሉም የምሥራቅ አፍሪካ ይሁን። በእጃችን ያሰርነው ሰዓት ግን እንደ ለመድነው ይቁጠር፤ የሚከለክለን የለም።

ማጠቃለያ

መሣሪያ ማስተማር የአዝራሩን ቦታ ማሳየት ብቻ አይደለም። ተማሪው ሲሳሳት ስሕተቱ የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ ማሰብ የአስተማሪው ሥራ ነው። ነገ እናንተም በየክፍላችሁ ትቆማላችሁ። «መምህር፣ ይሄ ነገር…» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ቀና ብላችሁ እዩ።

ለዚያ ዕጩ መምህር በግል ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እሱም ተቀብሎኛል። ይህንን ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት አንብቦ፣ የትእዛዞቹን ዝርዝር በር ላይ የለጠፈውም እሱ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የትእዛዝ መስመር መሣሪያውና ኤ.ፒ.አይ. ልዩነታቸው ምንድን ነው? በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
2. ፕሮፋይል ያልተጠቀሰበት ትእዛዝ በማን ስም ይፈጸማል?
3. በጋራ ኮምፒዩተር ላይ «ዲፎልት» እንዳይኖር የተመከረው ለምንድን ነው?
4. ምስጢራዊ ቁልፉን የጻፈበትን ወረቀት ካፌ ውስጥ የረሳ ሰው በቅደም ተከተል ምን ማድረግ አለበት?
5. በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋቱን ሊያስቆሙ ይችሉ የነበሩ ነገሮችን ቁጠሩ። ከአራት ያላነሱ ታገኛላችሁ።

መልሳችሁን በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ባለው ሣጥን አስገቡ። በሚቀጥለው ዕትም እንወያይበታለን።