ያገለገለ የጉቶ መፍጫ መኪና ለሚገዛ ሰው የሚገባ ምርመራ

ዛፍን መቍረጥ በመጥረቢያና በመጋዝ የሚፈጸም፥ ማንም የሚያውቀው ሥራ ነው። ጉቶን ከመሬት ማንሣት ግን ከመቍረጡ ይልቅ ብዙ ድካም አለበት። ይልቁንም ባሕር ዛፍ በተቈረጠ ጊዜ ጉቶው አይሞትም፤ ከቅርፊቱ ሥር ተደብቀው የቈዩት እንቡጦች ይነቃሉና በጥቂት ወራት ውስጥ በአንዱ ግንድ ፋንታ ብዙ ቀንበጥ ይቆማል። ይህ ዛፍ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ ከውጭ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተተከለ ወዲህ በደጋና በወይና ደጋ እጅግ ተስፋፍቷል። ስለዚህ መሬቱን ወደ እርሻ ሊመልስ ወይም ቤት ሊሠራበት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ጉቶው ነው።

ዛፍ በመቍረጥ የሚተዳደሩ ጥቂት ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው የጉቶ መፍጫ መኪና ለመግዛት ያስቡ ይሆናል። የአዲሱ ዋጋ ከባድ በመሆኑም ያገለገለውን ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ምክር የሚጠየቁት መምህሩና የተማሩት ሽማግሌዎች ናቸው። የብዙ ቤት ጥሪት በአንድ ብረት ላይ የሚውል ነውና መካሪው ምን እንደሚመረመር ሊያውቅ ይገባዋል።

አንደኛ፥ ሥራውን ስለ መቍጠር።

ከመኪናው በፊት የሚመረመረው ሥራው ነው። ጉቶ ሁሉ አይፈጭም፤ ከቀንበጡ ዳግመኛ አጣና ሊቈርጥ የሚፈልግ ባለ መሬት ጉቶውን በሕይወት ይተወዋል። ጥቂት ጉቶ ብቻ ያለበትን ቦታ ደግሞ በዶማና በመጥረቢያ ቈፍሮ ሥሩን እየቈረጡ ማንሣት ይበቃል። ለትምህርት ያህል፥ 6 ሰዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ብር አዋጥተው በ300,000 ብር መኪና ገዙ እንበል። መኪናው 1,500 ሰዓት ሥራ ቢያገኝ የአንዱ ሰዓት ድርሻ 200 ብር ይሆናል። ሥራው 500 ሰዓት ብቻ ቢሆን ግን ያው ድርሻ 600 ብር ይደርሳል። ይህም ቤንዚኑ፥ ጥርሱና የሠራተኛው ደመወዝ ሳይቈጠር ነው። እንግዲህ መኪናው በርካሽ ተገዛ የሚባለው ሥራ ሲያገኝ ነው እንጂ ዋጋው ስላነሰ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ስለ መኪናው አሠራር።

የጉቶ መፍጫ ዋና ብልቱ ወፍራም የብረት መንኰራኵር ነው። በዙሪያው ጫፋቸው እጅግ ጠንካራ ከሆነ ብረት የተሠራ ጥርሶች በቡሎን ታስረዋል። ሞተሩ መንኰራኵሩን ብዙውን ጊዜ በቺንጋ አማካይነት ያዞረዋል፤ በትልልቆቹም ላይ በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ። ሠራተኛው መንኰራኵሩን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ ጉቶውን በጥቂት በጥቂቱ ይልጠዋል። የባሕር ዛፍ ጉቶ እንዳያቈጠቍጥ ከአፈሩ በላይ ያለውን መፍጨት አይበቃም፤ ከመሬት በታች 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ያህል ወርዶ እንቡጥ ያለበትን ክፍል ማጥፋት ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚገዛው መኪና እስከዚህ ጥልቀት የሚደርስ መሆኑ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፥ ስለ ሞተሩ።

ገዢው በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ ሞተሩን በእጁ መዳፍ ይቅረበው። ሞቆ ከተገኘ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶት ነበርና እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፤ የደከመ ሞተር የሚታወቀው በብርድ ሲነሣ ነውና። ከዚያ ጢሱን ይመልከት፤ ሰማያዊ ጢስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል። ጥቍር ጢስ የቤንዚን መብዛት ወይም የአየር ፊልትሮ መደፈን ነው። የእንጨት ብናኝ የዚህ መኪና ጠላት ስለ ሆነ ፊልትሮው ይከፈት፤ የተቀደደ ከሆነ ብናኙ ወደ ሞተሩ ገብቶ ውስጡን በልቶታል ተብሎ ይጠረጠራል። የዘይቱም መለኪያ ይመዘዝ፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የብረት ብናኝ ካብረቀረቀበትም ውስጡ እየተፋቀ ነው።

በደጋ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይታሰባል። አየሩ ስለሚሳሳ፥ የቤንዚን ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ 3 ያህል ይጐድልበታል። እንግዲህ በወረቀቱ 13 የፈረስ ጕልበት የተባለው መኪና 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የሚሰጠው 10 ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶርም በደጋ ቤንዚን ያበዛና ጥቍር ያጤሳል። ይህ በመካኒክ የሚቃና ስለ ሆነ መኪናውን አያስነቅፈውም።

አራተኛ፥ ስለ መንኰራኵሩ፥ ስለ ጥርሱና ስለ አካሉ።

ይህ ምርመራ የሚደረገው ሞተሩ ጠፍቶ የካንዴላው ሽቦ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። መንኰራኵሩ በወፍራም ጓንት ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅነቅ፤ ከተወዛወዘ ወይም ሲዞር ካጕረመረመ ኩሽኔታው አልቋል። የደነዘዘ ጥርስ በሌላ ይተካል፤ ጥርሱ የሚታሰርበት ማቀፊያ ከተበላ ወይም የቡሎኑ ቀዳዳ ከሰፋ ግን ወጪው ከባድ ነው። ቺንጋው አለመሰንጠቁ፥ የዘይቱ ቱቦ አለማንጠባጠቡ ይታይ፤ የሚያፈሰውን ቱቦ ግን ማንም በባዶ እጁ አይዳስስ፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቈዳን ይበሳልና። አዲስ ቀለም የተቀባበት ስፍራ ሁሉ በተለይ ይመርመር፤ ስንጥቅና ብየዳ ከቀለም በታች ይደበቃልና። ሰዓት የሚቈጥረው መሣሪያ ትንሽ ቍጥር ቢያሳይና የእጅ መያዣው ግን እጅግ የተፋቀ ቢሆን፥ የሚታመነው መያዣው ነው።

አምስተኛ፥ ስለ ሰው ደኅንነት።

እጁን ከመያዣው ሲለቅ መንኰራኵሩን ከሞተሩ የሚለየው ማቆሚያ የማይሠራ መኪና በማናቸውም ዋጋ አይገዛም። ፍንጣሪውን የሚከለክለው የጎማ መጋረጃም መኖር አለበት፤ ድንጋይና ስንጣሪ ሩቅ ይወረወራልና። ሠራተኛው የዓይንና የጆሮ መከላከያ ያድርግ፤ ሕፃናትና ከብት ይራቁ። በከተማም ከመሬት በታች የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውኃ ቧንቧ አለመኖሩ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ስድስተኛ፥ ስለ ሙከራና ስለ ወረቀት።

የመጨረሻው ፍርድ በእውነተኛ ጉቶ ላይ ይሰጣል። መኪናው በደረቅ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ከሩብ ሰዓት ያላነሰ ይሥራ፤ ኃይሉ ቢደክም፥ ቢንቀጠቀጥ ወይም ቺንጋው ቢሸት ይታወቃል። በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ከጕምሩኩ ወረቀት ጋር ይተያይ፤ ጥርሱና ኩሽኔታው በገበያ መገኘቱም ከመክፈል በፊት ይረጋገጥ። ሻጩ ሙከራውን እንቢ ካለ፥ ገዢዎቹ ገንዘባቸውን ይዘው ይመለሱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ አንድ ሳምንት መታገሥ የብዙ ዓመት ጥሪትን ያድናል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ።

1. የባሕር ዛፍ ጉቶ ከመሬት በታች ድረስ የሚፈጨው ስለ ምንድን ነው?
2. ሞተሩ ሳይሞቅ መመርመር ያለበት ለምንድን ነው?
3. በ240,000 ብር የተገዛ መኪና 800 ሰዓት ቢሠራ የአንዱ ሰዓት ድርሻ ስንት ብር ነው? በሰዓት 2 ጉቶ ቢፈጭ ለአንዱ ጉቶ ስንት ይደርሳል?