ጊጊሪ ለምትሄጂ ልጄ፦ ስለ እንግሊዝኛ ግስ

ልጄ፣ እንግሊዝኛሽን አልናቅሁትም። ትደፍሪያለሽ፣ ትግባቢያለሽ፣ ናይሮቢም ውስጥ ማንም አያታልልሽም። ግስ ላይ ስትደርሺ ግን ትቸኩያለሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሁን የምትሄጂው ጊጊሪ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና የሃቢታት ዋና መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ሰፈር። እዚያ የሚጠይቁሽ ሰዎች ሥራ መቼ እንደጀመርሽ፣ አሁንም በሥራው ላይ መሆንሽን ወይም መልቀቅሽን የሚያውቁት ከግስሽ ነው። ስለዚህ አንድ ግስ ይዘሽ ቁጭ በይ። እኔ «ወርክ»ን መርጬልሻለሁ፤ መደበኛ ግስ ነው፣ የምትሄጂውም ለሥራ ነው።

1. አራቱን ቅርጾች ዛሬውኑ ያዢ። ወርክ፣ ወርክስ፣ ወርክድ፣ ወርኪንግ፤ ሌላ የለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ቀተለን፣ ቀደሰን፣ ባረከን ሲያረባ ይከርማል፤ አንቺም በልጅነትሽ ሠራሁ፣ ሠራሽ፣ ሠራች፣ ሠራን፣ ሠሩ የሚለውን ሁሉ ማንም ሳያስተምርሽ ይዘሻል። አራት ቅርጽ ከበደኝ ብትዪኝ አላምንሽም።

2. ሠሪውን ሳትጠሪ ግስ አትናገሪ። የእኛ ግስ ሠሪውን በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ «ሠራሁ» ስትዪ እኔ ማለት ሳያስፈልግሽ ያልቃል። እንግሊዝኛው ግን ባዶውን ነው የሚመጣው። «ወርክድ» ብቻውን ማን እንደሠራ አያውቅም። በአሁን ጊዜ ደግሞ ሂ፣ ሺ ወይም ኢት ካልሽ «ስ»ን ጨምሪ፦ ሺ ወርክስ። የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጥላት ይህችን ፊደል ናት፤ ትንሽ ስለሆነች የምትታይ አይመስለውም።

3. የ«ኤድ»ን ድምፅ ለይተሽ አውጪ። ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነገር ሦስት ነው። ጣትሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊ። የግሱ መጨረሻ እንደ ክ፣ ፕ፣ ስ፣ ሽ፣ ፍ ጉሮሮሽን ካላነዘረው «ት» ብለሽ ዝጊው፤ ስለዚህ «ወርክድ» ብለን ብንጽፈውም አፍ ላይ «ወርክት» ነው። ካነዘረው «ድ» ይሆናል፦ ኮልድ፣ ሊቭድ። ግሱ ራሱ በት ወይም በድ ካለቀ ብቻ «ኢድ» የሚል ተጨማሪ ድምፅ ይመጣል፦ ዌይቲድ፣ ፕላንቲድ። ሁሉንም በ«ኢድ» የሚጨርስ ሰው ሰዋስው እያወቀ እንደማያውቅ ይቆጠራል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

4. ነገን ከዘወትር ለዪ። «እሠራለሁ» ለእኛ ለሁለቱም ያገለግላል፤ በየቀኑ እሠራለሁ፣ ነገ እሠራለሁ። እንግሊዝኛ ላይ የዘወትሩ አይ ወርክ፣ የነገው አይ ዊል ወርክ ነው። ኪስዋሂሊሽ እዚህ ይረዳሻል፤ «ኒታፋኛ» ስትዪ መካከል ያለችው «ታ» የዊልን ሥራ ትሠራለች።

5. «ሃቭ ወርክድ»ን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው። ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ይህን ነው። መጀመሪያ ቅርብ ዘመዶቹን እወቂ፤ በአማርኛ ሠርቻለሁ፣ በኪስዋሂሊ ኒሜፋኛ። ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። እኛ «ትናንት ሠርቻለሁ» ብንል ማንም አይቆጣም፤ እንግሊዝኛው ግን ትናንትን ከሃቭ ጋር አያስቀምጥም፣ አይ ወርክድ የስተርደይ ብለሽ ትጨርሻለሽ። እንዲሁም «ሦስት ዓመት ሆነኝ እየሠራሁ» የሚለውን ቃል በቃል ወስደሽ አይ አም ወርኪንግ ፎር ስሪ ይርስ አትበዪ። ጊዜው ካለፈው ተነሥቶ እስከ ዛሬ ከደረሰ ሃቭ ይግባበት፤ አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ቅጽ ላይ አይ ወርክድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ ብዬ ጻፍኩ። በሥራው ላይ ነበርኩ፤ ያነበበው ሰው ግን ለቅቄያለሁ ብሎ ተረዳ፣ ቦታውም ለሌላ ሄደ። አንድ ሃቭ ብጨምር ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

የሃቭን ልዩነት መንገድሽ ላይም ታገኚዋለሽ፤ ጊጊሪ ስትሄጂ በሊሙሩ መንገድ የካሩራን ደን ታልፊያለሽ። በፈረንጆች 1999 ዋንጋሪ ማታይ ይህ ደን ለግንባታ እንዳይቆረስ ስትከላከል ተደብድባለች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች፤ በ2011 አረፈች። ስለ እሷ ስትናገሪ ሺ ፕላንቲድ ትሪስ ነው የምትዪው፤ ሕይወቷ ተዘግቷልና ሃዝ፣ ማለትም ከሺና ከኢት ጋር የሚሆነው ሃቭ፣ አይገባም። በ1977 የመሠረተችው የግሪን ቤልት ንቅናቄ ግን ዛሬም አለ፤ ስለ እሱ ሃዝ ፕላንቲድ ትሪስ ትያለሽ። ደኑን በመስኮት እያየሽ ሁለቱን በቃልሽ በዪያቸው፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ አይጠፋሽም።

6. ሃድን አታባክኚ። «አዲስ አበባ ሠርቼ ነበር» ስለምንል ብዙዎቻችን አይ ሃድ ወርክድ እያልን እንረጨዋለን። ሃድ ከእሱ በኋላ የመጣ ሌላ ያለፈ ነገር ይፈልጋል፤ ከሌለ ወርክድ ይበቃል።

7. ዲድ ከመጣ ኤድ ይውጣ። ያለፈውን ጊዜ ዲድ ከተሸከመው ወርክ ባዶ እጁን ይሄዳል፦ አይ ዲድ ኖት ወርክ፣ ዲድ ዩ ወርክ። ዲድ ዩ ወርክድ ስትዪ ሰምቼሻለሁ፤ ሁለተኛ አልስማው።

8. ስለ ራስሽ ሕይወት ጻፊ። የሌላ ሰው ምሳሌ ቶሎ ይረሳል። የት ሠራሽ፣ አሁን የት ትሠሪያለሽ፣ ስንት ጊዜ ሆነሽ፣ ምን ልትሠሪ ታስቢያለሽ፤ ሰባት መስመር ይበቃል። ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ጉሮሮሽንም ዳስሺ። ቅዳሜ ስትመጪ ወረቀቱን ይዘሽ ነዪ፤ ሃቭ ያለበትን መስመር ነው መጀመሪያ የማየው።