አካል ጉዳተኛ ያለበትን ቤተሰብ መደገፍ፦ የቁምስናው ሁሉ ኃላፊነት



ቤት ለመባረክ በምንዞርበት ጊዜ ሳሎኑን ጸበል ረጭተን፣ ቡና ጠጥተን፣ የተዘጋውን ጓዳ ሳንጠይቅ የወጣንበት ቀን አለ። በዚያ ጓዳ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ እንደሚኖር ያወቅነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናቱን «ስለ ምን አልነገሩንም?» ብንላቸው፣ «አባ፣ ማን ጠየቀኝ?» ሲሉ መለሱልን። ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ መልስ ነው።

1. ኀፍረትን ማራቅ

በአገራችን ብዙዎች አካል ጉዳትን የእርግማን ወይም የወላጆች ኃጢአት ፍሬ አድርገው ያዩታል። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እርሱ ግን ጥፋቱ የሰውዬውም የወላጆቹም አለመሆኑን አስተማራቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። ጉዳት ከወሊድ ችግር፣ ከሕመም፣ ከአደጋ ወይም ከዘር ሊመጣ ይችላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ «ምን በድለው ይሆን?» የሚለውን ሐሜት ከአንደበታችን እናርቅ። በጸሎትና በጸበል የሚታመኑ ወላጆችንም ሕክምናውን እንዲተዉ አንምከር፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉምና።

2. ማዳመጥ

ወላጆች የልጃቸውን ጉዳት ባወቁ ጊዜ ማዘናቸው፣ መቆጣታቸው፣ ራሳቸውንም መክሰሳቸው የእምነት ጉድለት አይደለም። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውና ቻሉት» ብሎ ፈጥኖ መሄድ ግን ኀዘንተኛውን ብቻውን መተው ነው። እኛ ለቅሶ ቤት ገብቶ ብዙ ሳይናገሩ መቀመጥን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ሆኖም ለቅሶው በጥቂት ቀናት ያበቃል፣ የእነዚህ ቤተሰቦች ድካም ግን ዓመታትን ይዘልቃል። ስለዚህ ጉብኝታችን ተደጋጋሚ ይሁን። የወላጅ ዐይን ሁልጊዜ ወደ ተጎዳው ልጅ ሲያይ፣ ዝም ብለው የሚያድጉትን ወንድሞቹንና እኅቶቹንም እንጠይቃቸው።

3. አልጋውን በጋራ መሸከም

ሽባውን ወደ ጌታ ያመጡት አራት ሰዎች ነበሩ (ማር. 2፥3)። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጣሪያው ላይ ሊያወጣው ባልቻለ ነበር። በየቁምስናችን ግን አልጋውን ብዙ ጊዜ እናት ብቻዋን ትሸከማለች። እሑድ በተራ ከልጁ ጋር የሚቆይ ሰው ቢገኝ እናት ቅዳሴ ትደርሳለች። ሌላው ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ ሌላው ልጁን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ከአባቱ ጋር ይሄዳል፤ ማኅበሩም በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ጎን ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ያሠራል። ይህ ምጽዋት ብቻ አይደለም፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለችና መብትም ነው።

4. ትምህርትና ምሥጢራት

እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ፣ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸውም ሁኔታቸው በፈቀደ መጠን ትምህርተ ክርስቶስ እንዲሰጥ የቁምስናውን ቆሞስ ያዛል (ቀኖና 777)። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያም ምሥጢራት ሊከለከሏቸው እንደማይገባ ያስተምራል። መምህራን ሆይ፣ «አይገባውም» ብላችሁ አትለፉት። አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ሥዕል፣ የሚደጋገም መዝሙር፣ በእጅ የሚያዝ ሻማ ብዙ ያስተምራሉ። መስማት ለተሳነው ፊታችሁን ወደ እርሱ አድርጋችሁ ተናገሩ፤ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰውም ፈልጉ። ትዕግሥትንና ያለ ሐፍረት መጸለይን ግን ከእነርሱ የምንማረው እኛ ነን።

ከላይ የጠቀስናቸው እናት ዛሬ ቅዳሴ የሚመጡት ልጃቸውን ይዘው ነው። አንዳንድ ጊዜ በስብከታችን መካከል ይጮኻል። ያን ጊዜ ጥቂት ዝም እንላለን፤ ከዚያም እንቀጥላለን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን ጓዳው የተዘጋበት ቤት አለን? ማንስ ሄዶ ይጠይቃል?
ለ. እናት ወይም አባት ቅዳሴ እንዲደርሱ በተራ የሚቆዩ አራት ሰዎች ከመካከላችን እነማን ናቸው?
ሐ. ቤተ ክርስቲያናችን በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው በሩ ክፍት ነውን?