የየቲሞች ገንዘብ የት ይቀመጥ?

ቢስሚላህ። 

ከመርጡለ ማርያም፣ ከሞጣ ወይም ከብቸና ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ ቤተሰቡ ዘንድ እንደ አማካሪ ይቆጠራል። አባት ወደ አኺራ ሄዶ ዕዳው ተከፍሎ፣ ውርሱም በሸሪዓ ተከፋፍሎ የትንንሾቹ ድርሻ ሲቀር እናት ትደውላለች፦ «ልጄ፣ የተማርከው አንተ ነህ፤ የወንድሞችህን ብር የት እናድርገው?» የዛሬው ትምህርታችን ለዚህ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ሁለት የቲሞች፣ እያንዳንዳቸው 300,000 ብር የደረሳቸው፣ ገንዘቡም ለዐሥር ዓመት ያህል የሚቆይ ነው እንበል።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብን ገንዘቡ የእኛ አለመሆኑን ነው። ሱረቱ ኒሳእ በመጀመሪያዎቹ አንቀጾቿ የየቲምን ሀብት ከራስ ሀብት ጋር መቀላቀልን ትከለክላለች፤ ልጆቹ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ደርሰው ብስለት ሲታይባቸውም በምስክር እንዲረከቡ ታዝዛለች። ስለዚህ በራሳችን ገንዘብ የምንደፍረውን በአማናው አንደፍርም።

ታዲያ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ አይሻልም? አይሻልም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘካ እንዳይበላው የየቲሙን ገንዘብ ነግዱበት ብለው መምከራቸው ተዘግቧል። ሒሳቡን እንሥራው። በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ ኒሳብ በሞላ የየቲም ገንዘብ ላይም ዘካ አለ (ሐነፊዮች ልጁ እስኪደርስ የለበትም ይላሉ)። 300,000 ብር ሳይሠራበት በየዓመቱ 2.5 በመቶ ዘካ ቢወጣለት ከዐሥር ዓመት በኋላ ወደ 233,000 ብር ይወርዳል። የኑሮ ውድነቱ ደግሞ አለ። ዋጋ በየዓመቱ በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ የዛሬ ብር የመግዛት አቅሙ በሰባት ዓመት ገደማ ግማሽ ይሆናል። የተቆለፈ ገንዘብ የተጠበቀ ይመስላል እንጂ ውስጥ ውስጡን ያልቃል።

«እንግዲያው በወለድ ይቀመጥ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ወለድ ሪባ ነው፤ በየቲም ስም መሆኑ ሐላል አያደርገውም። በዱንያ ሚዛንም ቢሆን እንደሚባለው መከታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር።

ሐላል የሆኑትን ማስቀመጫዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ የወዲዓ ሒሳብ። ባንኩ አደራ ይጠብቃል፤ ትርፍ አይከፍልም። በማንኛውም ቀን ስለሚወጣ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና የሚሆነው ገንዘብ ቦታው እዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የሙዷረባ ሒሳብ። ገንዘቡ ከእኛ፣ ሥራው ከባንኩ ሆኖ ትርፉ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል። ባንኩ ሳያጠፋ ኪሳራ ከመጣ ግን ኪሳራው የባለ ገንዘቡ ነው። ስለዚህ ሥጋቱ አነስተኛ ነው እንጂ ፈጽሞ የለም አይባልም። ዋናውን ገንዘብ ዋስትና ሰጥቶ በዓመት ይህን ያህል ቁርጥ ትርፍ እከፍላለሁ የሚል ውል ካጋጠማችሁ ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ሪባ ነው። በአገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮቶች አሉ። ቅርንጫፍ ስትሄዱ ጠይቁ፦ የትርፍ ድርሻው ስንት ለስንት ነው? ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል? ባለፈው ዓመት ስንት ተከፈለ? የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል፤ የእናንተ ሒሳብ በዚህ ውስጥ መግባቱንም አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ወርቅ። ለረጅም ጊዜ ዋጋውን ይይዛል፤ ዋጋው ግን ይወጣል ይወርዳል፣ ይሰረቃልም። ለጌጥ የተሠራ ሲሸጥ የእጅ ዋጋው ስለሚቀር ቀለል ያለውን ምረጡ። ግዥው እጅ በእጅ ይሁን፤ በዱቤ አይገዛም።

አራተኛ፣ ቤትና ሽርክና። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም። የሚገዛው ቤቱ ነውና ካርታው ሳይጣራ ገንዘብ አይከፈል። ከብት ለሚያረባ ሰው ሰጥቶ ትርፍን መካፈልም አገሬው የሚያውቀው ነው፤ ሰውየው ታማኝ፣ ውሉም የተጻፈ ከሆነ።

አምስተኛ፣ አክሲዮን። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ ማለትም በ9,900 ብር ሸጧል። በር መከፈቱ መልካም ነው። ሆኖም የድርጅቱን ሥራና ከወለድ ብድር ጋር ያለውን ንክኪ ዑለሞችን ሳይጠይቁ የየቲም ገንዘብ አይገባበትም።

ከሁሉም በላይ በአንድ ቦታ አትከምሩት። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጂዶች በተቃጠሉበት ጊዜ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። ሀብቱ ሁሉ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ የአንዱ ልጅ 300,000 ብር ለምሳሌ እንዲህ ሊከፈል ይችላል፦ 50,000 በወዲዓ፣ 150,000 በሁለት ባንኮች በሙዷረባ፣ 70,000 በወርቅ፣ 30,000 በታወቀ ሽርክና። ቁጥሩ እንደየቤተሰቡ ይለያያል፤ መርሁ ግን አይለወጥም።

በቴሌግራም «በሦስት ወር እጥፍ» እያለ የሚጠራችሁን ግን አንድ ብር አትስጡ። ትርፉን አስቀድሞ የሚምል ሰው ወይ ሪባ ወይ ማታለል ይዟል።

በመጨረሻ፣ ጻፉት። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ታስተምራለች፤ አማናም ይህ ጥንቃቄ ይገባዋል። የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ ትርፉና የወጣው ዘካ በአንድ ደብተር ይስፈር፤ ከእናት ሌላ አንድ ታማኝ ዘመድም ይወቀው። በዚህ ዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ይህን ደብተር ጀምሩላቸው። ልጆቹ አድገው ሲጠይቁ ደብተሩ ይመልስላቸዋል፤ አላህ ፊት የሚጠበቅብን መልስም ይቀልልናል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።