መጠየቅና ማሳመን፤ ስለ ገጠር ጤና ለሚያጠኑ ወጣቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፥ ከመካከላችን በዩኒቨርሲቲ የምንማረው ወጣቶች በዚህ ዓመት በሁለት የትምህርት ዓይነቶች ተጠምደን ሰንብተናል። አንደኛው ስለ ገጠር ጤና አጠባበቅ ቀበሌ ድረስ ወርዶ ማጥናት ሲሆን፥ ሁለተኛው የማሳመን ንግግር ይባላል። በመጀመሪያው መጠይቅ ይዘን ከቤት ወደ ቤት እንዞራለን፤ በሁለተኛው በክፍል ጓደኞቻችን ፊት ቆመን አድማጭን ወደ አንድ አሳብ ማምጣትን እንለማመዳለን። ላይ ላዩን ሲታዩ እኅትማማች ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ለመረመራቸው ግን የሚጣሉበት ቦታ አላቸው፤ ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ጠባቸው ነው። በተለይ እኛ በሕፃንነታችን መድረክ ላይ ወጥተን መናገር የለመድን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፥ ነገሩ ከሌላው ተማሪ ይልቅ ይመለከተናል።

ጠቡ እንዲህ ነው። የሚያጠና ሰው የሚጠይቀውን ሰው ማሳመን አይገባውም። ገና አፉን ሲከፍት «እንዲህ ብትሉኝ ደስ ይለኛል» የሚል መንፈስ ካለበት፥ መልሱ የመላሹ መሆኑ ቀርቶ የጠያቂው ይሆናል። የሚያሳምን ሰው ሥራው ደግሞ ሰውን ካለበት አሳብ ወደ ሌላ አሳብ ማንቀሳቀስ ነው። ጠዋት ጠያቂ፥ ከሰዓት በኋላ ሰባኪ መሆን ይቻላል፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም መሆን ግን አይቻልም።

ወባን ምሳሌ እናድርግ። ለአሶሳ ልጅ ወባ ምን እንደሆነ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ እንዴት እንደሚበረታ ሁላችንም እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ስለ አጎበር ሊያጠና ወደ አንድ ቀበሌ ሄደ እንበል። «በቤታችሁ አጎበር ትጠቀማላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ «አዎን» የሚል መልስ ሞልቶ ይመለሳል። ደብተር የያዘ እንግዳ ምን መስማት እንደሚወድ የማያውቅ ባላገር የለም። እንግዳን ማሳፈር ነውር በሆነበት አገር ይህ ዐይነቱ «አዎን» ውሸት ሊባል አይገባውም፤ ቡና እንደ ማቅረብ ያለ መስተንግዶ ነው።

ስለዚህ በአገር አቀፍ የወባ ጥናቶች የሚጠየቀው በሌላ መንገድ ነው። ትናንት ሌሊት በዚህ ቤት ማን ማን አደረ? ከእነዚህ ውስጥ በአጎበር ሥር ያደረውስ ማን ነው? ይህ ጥያቄ የሚያስመሰግንም የሚያስወቅስም መልስ የለውም። የአንዲት ሌሊት ነገር ነውና ሰው ያስታውሰዋል። ከዚህም በላይ «አዎን» የሸፈነውን ይገልጣል። ምናልባት ተኝው ስድስት ሆኖ አጎበሩ አንድ ነው፤ ምናልባት አባወራው በአጎበር ሥር ሲያድር ልጆቹ መደብ ላይ አድረዋል፤ ምናልባት አጎበሩ ስለተቀደደ ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል። ለእነዚህ ለሦስቱ ቤቶች የሚያስፈልገው ምክር የተለያየ ነው። «አጎበር ተጠቀሙ» የሚል ንግግር ለአንዳቸውም አይደርስም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። በርታው፥ ጉሙዙ፥ ሺናሻው፥ ማኦውና ኮሞው የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩትና ልጆቻቸው ደግሞ አማርኛ ይናገራሉ። በአማርኛ የተዘጋጀ መጠይቅ በአስተርጓሚ አፍ ወደ በርታ ቋንቋ ሲሄድ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ይጨመርበታል፤ ይቀነስበታልም። አስተርጓሚው አስተዋይና ደግ ሰው ከሆነ አደጋው ይብሳል፤ «እንዲህ ማለቱ ነው» እያለ ጥያቄውን ከነመልሱ ያቀብላልና። መድኃኒቱ አስቀድሞ መጠይቁን አንድ ሰው ወደ በርታ ቋንቋ እንዲመልሰው፥ አማርኛውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ አማርኛ እንዲመልሰው ማድረግ ነው። ሁለቱ አማርኛዎች ሲነጻጸሩ የተጣመመው ቦታ ይታያል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

የቀበሌ ሹም አጠገብ ተቀምጦ ስለ ጤና ኬላው አገልግሎት መጠየቅም እንዲሁ ከንቱ ነው። ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በመካከላችንም ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ስንጠይቅ ውለን በአንድ ቤት በትኩሳት የሚነድ ሕፃን ብናገኝስ? መልሳቸውን እንዳናጣምም ብለን ዝም እንላለን? መልሱ ግልጽ ነው፤ ደብተሩ ይዘጋል። ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ ሕክምና መጀመር እንዳለበት ይታወቃል፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከዚያ መዘግየት ሞት ሊሆን ይችላል። የዚያ ቤት መጠይቅ ሳይሞላ ይቀራል እንጂ ሕፃኑ ሳይታከም አይቀርም። ከዚህ ውጭ ላለው ግን ሥርዐቱ፥ ጥያቄው ሁሉ አልቆ ደብተሩ ከታጠፈ በኋላ ማስተማር ነው። በመካከል አንዱን መልስ ያረምን እንደሆነ፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልስ ሁሉ የታረመ ሆኖ ይመጣል።

ተማሪን ወደ ገጠር አውጥቶ ማስተማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1945 ዓ.ም. ግድም በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያም የጤና መኮንኖች፥ የኅብረተሰብ ነርሶችና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ወጥተው ይሠለጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ትምህርቱን በሙሉ በኅብረተሰቡ ላይ የተመሠረተ አደረገው። እኛ ዛሬ ደብተር ይዘን የምንዞርበት መንገድ በእነዚያ ተማሪዎች እግር የተረገጠ ነው።

አሁን ወደ ማሳመኑ እንምጣ። ለማሳመን ንግግር ከአርስጣጣሊስ ዘመን ጀምሮ የሚጠቀሱት ሦስት ነገሮች የተናጋሪው ጠባይና መታመን፥ የአድማጩ ስሜት፥ የነገሩም ማስረጃ ናቸው። በክፍል ውስጥ ይህን በቃል ማጥናት ቀላል ነው። እኛ ግን ሦስቱንም አጥርቶ ያሳየን በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 የተጻፈው የንዕማን ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል፤ እስቲ ደግሞ እንደ ጤና ትምህርት ተማሪዎች እናንብበው።

ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ ነው፤ ለምጽ ይዞታል። ወደ እስራኤል አገር እንዲሄድ መጀመሪያ ያነሣሣችው ማን ናት? ተማርካ ሚስቱን የምታገለግል ታናሽ ብላቴና ናት። ሥልጣን የላትም፤ ሹመት የላትም። በዚያ ቤት ግን ትኖራለች። ለጌታዋ ክፉ ብትመኝ በማይፈረድባት ሁኔታ ሳለች መልካም ተመኘችለት። ቃሏ ከእመቤቷ ወደ ጌታዋ፥ ከጌታዋም ወደ ንጉሥ ደረሰ። የመታመን ምንጩ ይህ ነው፤ አብሮ መኖርና ለራስ ጥቅም አለመናገር። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር ከኅብረተሰቡ የተመረጡ፥ በአብዛኛውም ሴቶች የሆኑ ወጣቶችን አንድ ዓመት አሠልጥና በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት አድርጋ መመደቧ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጎረቤት የሆነች ልጅ ከሩቅ ከመጣ አዋቂ ይልቅ ትሰማለች ተብሎ ነው።

ንዕማን ብር፥ ወርቅና ልብስ አስጭኖ፥ በፈረስና በሠረገላ ከኤልሳዕ ደጅ ቆመ። ነቢዩ መልእክተኛ ልኮ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ አለው። ትእዛዙ ፈዋሽ ነበር፤ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ንዕማን ግን ተቆጣ። ነቢዩ ራሱ ወጥቶ፥ ቆሞ ጸልዮ፥ በእጁ ዳስሶ የሚፈውሰው መስሎት ነበር። የደማስቆ ወንዞችስ ከዮርዳኖስ አይሻሉም ወይ አለ። ልብ እንበል፤ ይህ የጤና ኬላን ምክር የማይቀበል ሰው ንግግር ነው። ያልተቀበለው ስለ ውኃው ጠባይ ተመራምሮ አይደለም፤ ያልጠበቀው ነገር ስለ ገጠመውና ክብሩ ስለተነካ ነው።

በዚህ ጊዜ አገልጋዮቹ ቀረቡ። ስለ ዮርዳኖስ ውኃ አልተከራከሩም፤ የደማስቆንም ወንዞች አላጣጣሉም። አባት ብለው ጠሩትና፥ ነቢዩ ከባድ ነገር ቢያዝህ ኖሮ ታደርገው አልነበረምን፥ ይልቁንስ ይህን ቀላሉን ለምን አታደርግም የሚል ጥያቄ አቀረቡለት። ያን ያህል መንገድ የተጓዘው ለመዳን ቈርጦ መሆኑን ያውቁ ነበርና ከራሱ ፈቃድ ተነሥተው ተናገሩት። ወርዶ ታጠበ፤ ነጻ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ስለ በሽታው አላስተማሩትም።

አገልጋዮቹ ይህን ሊሉ የቻሉት ጌታቸውን ስለሚያውቁ ነው። መጠየቅና ማሳመን ጠባቸውን ትተው የሚታረቁት እዚህ ላይ ይመስለናል፤ አስቀድሞ በቅንነት የጠየቀ ሰው፥ በኋላ ከየት ተነሥቶ እንደሚናገር ያውቃል።

የእናቶችን ጉዳይ ብንመለከት ይኸው ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26፥ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ አለ። ለዓመታት «በጤና ተቋም ውለዱ» የሚል ምክር ተሰጥቷል። እናቶች ለምን እንደማይመጡ ሲጠየቁ ግን መንገዱ ሩቅ ነው፥ ምጥ በሌሊት ይመጣል፥ እዚያ ገንፎ የሚያገነፋ ዘመድ የለም፥ ባዕድ ሰው ያየኛል የሚል መልስ ይሰማል። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 አስጊ እርግዝና ያላቸው እናቶች መውለጃቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበትን ቤት ከፈተ፤ የእናቶች ማቆያ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። ገንፎ የሚገነፋባቸው፥ ቡናም የሚፈላባቸው ጤና ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። ማሰሮና ማማሰያ ከንግግር የበለጠ ሲያሳምኑ ማለት ነው። የማሳመን ትምህርት መምህራን ይህን ከንግግር ጥበብ ይቈጥሩት እንደሆነ አናውቅም፤ እኛ ግን እንቈጥረዋለን።

ስለ ተናጋሪው ማንነት ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን የምትጠቀስበት ነገር አላት። ጠበል ለመጠመቅ ወደ እንጦጦ ከሚመጡት የኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል፥ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ሐኪሞችም ይመክሩ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸውና። ሐኪም መድኃኒቱ እንደሚሠራ ሊናገር ይችላል፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እምነቱን እንዳልካደ ሊናገር የሚችለው ግን አባት ነው። የሕሙማኑ ፍርሃት በዚያ በኩል ስለነበረ ቃሉም ከዚያው በኩል መምጣት ነበረበት።

በማስፈራራት ስለማሳመን ጥቂት እንበል። በክፍል ውስጥ ፍርሃት ፈጣን መሣሪያ እንደሆነ እንማራለን፤ እውነትም ፈጣን ነው። የፈራ ሰው ግን ይደብቃል። ኮአርተም በቀን ሁለት ጊዜ፥ ለሦስት ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። «ያቋረጠ ይሞታል» ብለን ብናስፈራራ፥ አቋርጠው ያልሞቱ ጎረቤቶች በየመንደሩ አሉና ቃላችን ወዲያው ይወድቃል፤ ያቋረጠውም ዳግመኛ ሲያመው ማቋረጡን አይነግረንም። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ተውሳኩ ሁሉ ከደም አልጠፋም፥ የተረፈው እንደገና ይበዛል።

ለመጪው እሑድ ውይይት ሁላችንም አንድ ሥራ ይዘን እንድንመጣ ተስማምተናል። እያንዳንዳችን በሠፈራችን ሦስት ቤት ገብተን፥ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፥ ስም ሳንጽፍ፥ ትናንት ሌሊት ማን የት እንዳደረና በአጎበር ሥር ያደረው ማን እንደሆነ እንጠይቃለን። በዚያን ቀን አናስተምርም፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ካገኘን ብቻ ወደ ጤና ኬላ እንሸኛለን። መልሶቹን አሰባስበን ካየን በኋላ ለሠፈሩ ምን መናገር እንደሚገባን፥ ከእኛ ይልቅ ሊናገር የሚገባው ሌላ ሰው ካለም ማን እንደሆነ እንነጋገራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።