የአምስት ሳንቲም ልዩነት፦ ብርቅዬ የኮሚክ ቅጂ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አንዳንድ የድሮ የአሜሪካ ኮሚኮች ከመንትዮቻቸው የሚለዩት ሽፋናቸው ላይ በታተመችው ዋጋ ብቻ ነው። ታሪኩ ያው፣ ሥዕሉ ያው፣ ወረቀቱም ያው። 30 ሳንቲም ሊል የሚገባው ግን 35 ይላል። ለዚህች አምስት ሳንቲም ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉ ሰብሳቢዎች አሉ። እርስዎም ለመክፈል ካሰቡ አስቀድመው እነዚህን ነጥቦች ይመልከቱ።

1. ልዩነቱ ከየት መጣ?
በ1970ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ወጪ ሲንር የኮሚክ አሳታሚው ማርቭል ዋጋ ለመጨመር አሰበ፤ አንባቢው እንዳይሸሽ ግን ሰጋ። ስለዚህ አዲሱን ዋጋ በጥቂት የአሜሪካ ገበያዎች ብቻ ሞከረ። ሽፋናቸው ከኤፕሪል እስከ ኦገስት 1976 በሚሉት ኮሚኮች 25 ሳንቲም የነበረውን በ30፣ ከጁን እስከ ኦክቶበር 1977 በሚሉት ደግሞ 30 የነበረውን በ35 ሸጠ። ወደ ሙከራው ገበያ የተላከው ቅጂ ጥቂት ስለነበር ነው ዛሬ ብርቅ የሆነው።

2. ወሩና ዋጋው ይገጥማሉ?
ሙከራው ሲያበቃ ጭማሪው በመላ አገሪቱ ጸደቀ። ስለዚህ ኖቬምበር 1977 የሚል ባለ 35 ሳንቲም ኮሚክ ተራ ቅጂ ነው። ዋጋውን ብቻ አይተው አይቸኩሉ፤ ከወሩ ጋር አስተያይተው ያንብቡ።

3. ድጋሚ ኅትመት እንዳይሆን
ከሁሉ የሚፈለገው የጁላይ 1977ቱ ስታር ዋርስ ቁጥር 1 ነው። ይህ መጽሐፍ በብዛት ስለተሸጠ በድጋሚ ታትሟል፤ ከድጋሚ ኅትመቶቹ መካከልም 35 ሳንቲም የሚሉ አሉ። በብርቅዬው ላይ ዋጋው በአራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ነው፤ የባርኮዱ መስመሮችም በቦታቸው አሉ። ዋጋው አልማዝ ቅርጽ ውስጥ ከሆነ ወይም ሽፋኑ አለዚያም የውስጡ ጽሑፍ ድጋሚ ኅትመት መሆኑን ከገለጸ ይተዉት።

4. ቁጥሩ በኋላ የመጣ አይደለም?
አንድ ጊዜ አንድ ሻጭ ባለ 35 ሳንቲም ነው ያለኝን ቅጂ መስኮት አጠገብ ይዤ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አዘነበልኩት። በዋጋው ሳጥን ዙሪያ ፀጉር የምታክል ጠርዝ ብቅ አለች፤ ከሌላ ሽፋን ተቆርጦ የተለጠፈ ነበር። በማጉያ መነጽር ሲታይ የ5ቷ ጥቁር ቀለም ከአጠገቧ ካሉት ፊደላት ቀለም ጋር አንድ መሆን አለበት። ሻጩ ይህን እንዲያዩ ካልፈቀደ ግዢውን ይተዉት። በፎቶ ብቻ አይግዙ፤ ካልቀረልዎ ግን እንደ ሲጂሲ ባሉ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች የታሸገና መለያው ላይ የዋጋው ልዩነት የተጻፈበትን ይምረጡ።

5. የካናዳውንና የእንግሊዙን ይለዩ
ከ1982 መጨረሻ እስከ 1986 ማርቭል ለካናዳ ጋዜጣ መሸጫዎች ከአሜሪካው ከፍ ባለ ዋጋ ያትም ነበር፤ ለምሳሌ በአሜሪካ 60 ሳንቲም የሚሸጠውን በ75። ብርቅዬው የካናዳ ዋጋ ብቻ ያለበት ነው፤ የሁለቱም አገር ዋጋ ጎን ለጎን ካለበት ተራ ነው። ለእንግሊዝ የታተሙት ደግሞ ዋጋቸው በፔንስ ነው። ሁለቱም የአገር ዋጋ እንጂ የሙከራ ዋጋ አይደሉም፤ ገበያቸውም ለየብቻ ነው።

6. ፈላጊስ አለው?
ብርቅ ሁሉ ውድ አይደለም። ሳብርቱዝ የተባለው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት የኦገስት 1977ቱ አይረን ፊስት ቁጥር 14 ባለ 35 ሳንቲሙ ብዙ ፈላጊ አለው። አንባቢ የረሳው ገጸ ባሕርይ ግን ቅጂው የዚያኑ ያህል ጥቂት ቢሆንም ገዢ ላያገኝ ይችላል። የተጠየቀውን ሳይሆን በቅርቡ የተሸጠበትን ዋጋ ያጣሩ።

7. ገጾቹ ሙሉ ናቸው?
እነዚህን መጻሕፍት መጀመሪያ የገዟቸው ልጆች ናቸው፤ ከውስጥ ኩፖን በመቀስ እየቆረጡ ያወጡ ነበር። እያንዳንዱን ገጽ ይግለጡ። የተቀደደውን፣ የዛገውን የማያያዣ ሽቦና እርጥበት የነካውን ጠርዝ ይመልከቱ። ደረጃ ከ0.5 እስከ 10 ይሰጣል፤ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጅግ ሰፊ ሊሆን ይችላል።

ከመወሰንዎ በፊት
መጀመሪያ የዚያኑ መጽሐፍ ተራ ቅጂ በርካሽ ይግዙ። ያንብቡት፤ ቀለሙን፣ ወረቀቱንና የዋጋውን ሳጥን ዓይንዎ እስኪለምድ ያስተያዩ። ከዚያ ብርቅዬው ሲቀርብልዎ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከራስዎ ዓይን ይረዳሉ። ካልገዙትም የወደዱት ታሪክ በእጅዎ ነው።